ሁለተኛው ቁጥር

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቁጥሯ አልመጣም።

መጀመሪያ ያስተዋለችው የቢጠናዋ ነርስ ናት። ቴሌግራም ላይ ባለችው ትንሽ የዝናብ ለኪዎች ግሩፓችን «የዳገቷ ዛሬ ምን ነካት? እኔ ቀደምኳት እኮ!» ብላ ጻፈች። ሁለት ዓመት ሙሉ የዳገቷን የቀደመ ሰው ስላልነበረ ሁላችንም ሳቅን። የቦዲቲው ኤፍሬም «ዝናቡ አስተኝቷት ነው» አለ። እውነትም ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብ ነበር የሰነበተው።

ስድስት ሰዓት ገደማ ከራሷ ስልክ መልእክት መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው የወንድሟ ልጅ ምህረት ነኝ። መምህርት ማርታ ትናንት ከሰዓት ክፍል ውስጥ እያስተማረች ወድቃ አርፋለች። ቀብሯ ነገ በስድስት ሰዓት ነው። ጠዋት ጠዋት የምትጽፈው እዚህ ስለሆነ ወዳጆቿ ትሆናላችሁ ብዬ ነው።»

አንዱ «መምህርት ማርታ ማን ናት?» ብሎ ጠየቀ። አልፈርድበትም። ግሩፑ ውስጥ ስሟ «የዳገቷ» ብቻ ነበር፤ ፎቶዋም አንገቱ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። አንዷ «እኔ ልጅ እግር ትመስለኝ ነበር» አለች፤ ሌላው «እኔ ደግሞ ጡረታ የወጣች አሮጊት» አለ። እስኪመሽ ድረስ መልእክቱ አላቋረጠም። ፊቷን የማያውቁ ሰዎች፣ ከሆሳዕና፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከአዲስ አበባ ሳይቀር፣ አለቀሱላት።

ከመሀላቸው በአካል የማውቃት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስልኬ ውስጥ ለእኔ ለብቻዬ የላከቻቸው፣ ወራት ሙሉ ያልከፈትኳቸው መልእክቶች እንዳሉ የማውቀውም እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ቀንም አልከፈትኳቸውም።

ግሩፑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ሶዶ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደብዳቤ አረቃለሁ፣ ፋይል አደራጃለሁ። ዝናብ መለካት የጀመርኩት ብቸኝነት ሲበዛብኝ ለጊዜ ማሳለፊያ ነው። ጠርሙስ ቆርጦ አንገቱን ወደ ውስጥ መገልበጥ፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ መለጠፍ፣ ሜዳ ላይ ማቆም፣ ጠዋት ያደረው ውሃ ስንት ሚሊ እንደሆነ አንብቦ መጻፍ፤ ይኸው ነው ሥራው። የሚገርመው እንደኔ ያለ ሰው ብዙ መሆኑ ነው። ነርስ፣ ሹፌር፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ባለሱቅ፣ ሁሉም በየጓሮው ጠርሙስ አቁሞ ጠዋት ጠዋት ይጽፋል።

እሷ የገባችው በበጋ ነው። የመጀመሪያ መልእክቷ «የገሱባ ዳገት፦ 0» ነበር። በማግስቱም 0። በሦስተኛው ቀንም 0። ከወር በላይ እንዲህ ስትጽፍ አንዱ ሰልችቶት «እህቴ፣ ካልዘነበ ባትጽፊስ?» አላት።

«ዜሮም ቁጥር ናት» ብላ መለሰች። «ካልጻፍኳት ዝናብ እንዳልነበረች በምን ታውቃለህ? እኔ ተኝቼ ቢሆንስ?»

ዝናብን ሁልጊዜ በሴት አንቀጽ ነበር የምትጠራት። ወላይትኛ አፉን የፈታ ሰው አማርኛ ሲናገር አንዳንዴ እንዲህ ይቀላቀልበታል ብዬ አልፌው ነበር። በኋላ ግን ሌላውን ሁሉ በትክክል እየተናገረች ዝናብን፣ ውሃንና የምትለካውን ነገር ብቻ ሴት እንደምታደርግ አየሁ። ጎረቤቷ ስላለች ክፉ ሴት የምታወራ ነበር የሚመስለው።

ኤፍሬምን የያዘችበትን ቀን ሁላችንም እናስታውሳለን። ኤፍሬም ቦዲቲ መናኸሪያ አጠገብ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የሚሸጥ፣ ጨዋታ የሚወድ የሁለት ልጆች አባት ነው። አንድ ጠዋት «ቦዲቲ፦ 17» ብሎ እንደጻፈ ደወለችለት። ከዚያ በፊት ተነጋግረው አያውቁም።

«ኤፍሬም፣ ትናንት የት አደርክ?»

«አርባ ምንጭ፣ ሰርግ ላይ።»

«ፎቶውን ለጥፈህ አይቻለሁ። ታዲያ የቦዲቲን ውሃ ማን አነበባት?»

ኤፍሬም ሊስቅ ሞከረ።

«ከኪስህ ነው ያወጣሃት» አለችው። «አጥፋና አላነበብኩም በል። አላነበብኩም ማለት ነውር የለውም።»

አጠፋ። ይህን የነገረን ራሱ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ደግሞ ክፍለ ሀገር ሲሄድ ለሚስቱ አደራ ሰጥቶ መሄድ ጀመረ።

ያገኘኋት ለመምህራን ሥልጠና ሶዶ የመጣች ጊዜ ነው። ቢሮዬ በር ላይ ጃንጥላ የያዘች፣ አጠር ያለች፣ ትከሻዋ ሰፊ ሴት ቆማ «አድሚን አንተ ነህ?» አለችኝ። ኮንጎ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነበር። ከፌስታል ውስጥ ጠርሙሷን አወጣችና ፋይሎቼ መሀል አቆመችው።

«ትክክል መሆኗን እየኝ።»

«እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፣ መምህርት።»

«እርስዎ ለቢሮ ይሁን። አንቺ በለኝ።»

ከዚያ ከብርጭቆዬ ውሃ ጨመረችበት። ቁጢጥ ብላ አገጯን ከጠረጴዛው እኩል አደረገች፤ ግራ ዓይኗን ጨፍና አነበበች። «ቆመህ ካነበብካት ትዋሽሃለች» አለችኝ። የቢሮው ሰው ሁሉ ያየን ነበር፤ እሷ ግን ደንታም አልነበራት።

መስከረም ላይ አንድ ፎቶ ግሩፑ ውስጥ ለጠፈች። ከቤቷ በላይ ካለው ዳገት፣ በእንሰቱ መሀል፣ መሬቱ እንደ ተቀደደ ጨርቅ በረጅሙ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት ችካል ተክላ በመሀላቸው ሲባጎ ወጥራለች። ከዚያ ጀምሮ ሁለት ቁጥር መጻፍ ጀመረች። «የገሱባ ዳገት፦ 22። ስንጥቅ፦ 9።» ሁለተኛው የስንጥቁ ስፋት በሴንቲሜትር ነው።

የመጀመሪያ ሰሞን ሰዎች ጠየቋት፤ በኋላ ግን አንዳንዱ ቅር ማለት ጀመረ። «ይሄ የዝናብ ግሩፕ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ስጋት ማንበብ ከበደን» ያሉኝ ነበሩ። እኔም ሰው እንዳይወጣብኝ ፈራሁ። አንድ ጠዋት መልእክቷን አጠፋሁትና ለብቻዋ ጻፍኩላት፦ «መምህርት፣ ግሩፑ ለዝናብ ብቻ ቢሆን ይሻላል።»

ብዙ ትከራከራለች ብዬ ነበር። «እሺ፣ ወንድሜ» ብቻ አለች። «እንግዲያው ለአንተ እልካታለሁ። አንድ ሰው ይወቃት።»

በማግስቱ ጠዋት ለእኔ ለብቻዬ መጣች፦ «ስንጥቅ፦ 9።» አውራ ጣት አድርጌ መለስኩ። በማግስቱም እንደዚሁ። በጋው ገባ፣ ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም፤ 9፣ 9፣ 9። ከጊዜ በኋላ መክፈቱንም ተውኩት።

ጥር ላይ እንደገና ቢሮዬ መጣች፤ የተቀቀለ ጎደሬ በፌስታል ይዛልኛለች። ወንበር ስስብላት አልተቀመጠችም።

«ደብዳቤ ጻፍልኝ። የመሬት ባለሙያ እንዲልኩልን። የእኔ አማርኛ የክፍል አማርኛ ነው፤ የአንተ ግን ቢሮ ገብቶ ይቀመጣል።»

«እጽፍልሻለሁ። ከፋሲካ በፊት ይደርሳል።»

«በልግ ከመግባቷ በፊት» አለች። ጣቷን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ዳሞታ ተራራ ቀሰረች፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። «እሷ ስትመጣ አንኳኩታ አይደለም።»

አልጻፍኩትም። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ለማን እንደሚጻፍ ሳሰላስል፣ ነገ ነገ ስል፣ ፋሲካ አለፈ። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

ረቡዕ ጠዋት ለቀብሩ ከሶዶ የተነሳነው አምስት ሰዎች ነን። ኤፍሬም ከቦዲቲ፣ ነርሷ ከቢጠና በማለዳ መጥተው ተቀላቅለውን ነበር። ገሱባን አልፈን መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲቀር በእግራችን ቀጠልን። እየዘነበ ነበር። ዳገቱ ከሩቅ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ አረንጓዴ ነው፣ ጭስ ይወጣበታል፣ ከብት ይግጥበታል። ኤፍሬም ግን ቆም ብሎ «ዛፎቹን አየሃቸው?» አለኝ። ከቤቷ በላይ ያሉት ባሕር ዛፎች ሁሉም ወደ አንድ ጎን አዘንብለዋል።

ቀበርናት። መቃብሯ እሷም በምትኖርበት በአባቷ ግቢ፣ ከቤቱ ጓሮ ነበር። መዘምራኑ በወላይትኛ ዘመሩ። ታላቅ ወንድሟ አቶ ዳልኬ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ረጅም ደረቅ ሰው፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ታ ሚቼ፣ ታ ሚቼ» እያሉ አለቀሱ። እህቴ፣ እህቴ ማለት ነው። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ለቅሶ ሊቀመጥ ግቢው ውስጥ ወደተተከለው የእድር ድንኳን ገባ። ከመቶ በላይ እንሆናለን። ሸራው ላይ ዝናቡ ይደበድባል፤ ከኋላችን ዳገቱ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች ስለ እሷ ያወሩ ነበር። የሚያወሩት አይገባኝም፤ ስሟ ግን ተደጋግሞ ይጠራል። በሐፍረት ይሁን በሐዘን፣ ስልኬን አወጣሁና መልእክቶቿን ከፈትኩ።

9፣ 9፣ 10። በልጉ ሲገባ 11። ከዚያ 14። ከፋሲካ ማግስት 19። ባለፈው ሐሙስ 24። ቅዳሜ 27። የመጨረሻው የተላከው ሰኞ ጠዋት፣ ወድቃ ከማረፏ ጥቂት ሰዓታት በፊት ነው።

«ስንጥቅ፦ 33። ወንድሜ፣ ከአርባ ካለፈች እኔ እዚህ ቤት አላድርም። ለዳልኬም ነግሬዋለሁ።»

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፤ ሦስቱንም ቀን ዘንቧል፤ የለካው ግን የለም።

ለሰዉ ውሃ የምታድለውን ምህረትን ጠርቼ «ችካሎቹ የት ናቸው?» አልኳት። ዓይኗ በልቅሶ ያበጠ፣ ረጋ ያለች ወጣት ናት። ምንም ሳትጠይቀኝ ከአክስቷ መሳቢያ ሜትሩን አምጥታ መንገዱን መራችን። ኤፍሬም ተከተለን።

ስንወጣ ከመንገዱ ዳር ያለውን ምንጭ አሳየችን። «ከቅዳሜ ጀምሮ ደፍርሷል። አክስቴ አትጠጡት ብላን ነበር።» ውሃው ቀይ ነው። ከብቶቹ አጠገቡ ቆመው ያዩታል እንጂ አይጠጡም።

ችካሎቹ ጋ ስንደርስ ሲባጎው ተበጥሶ ጭቃ ላይ ወድቋል። ስንጥቁ ውስጥ እግር ይገባል። ወዲያኛው መሬት ባለበት አለ፤ እኛ የመጣንበት፣ ቤቱ፣ መቃብሩና ድንኳኑ ያሉበት ወገን ግን በክንድ ያህል ወርዷል። ኤፍሬም ቁጢጥ ብሎ ሜትሩን ዘረጋ። አንብቦ ወደ እኔ ቀና አለ።

«አድሚን፣ አንተም አንብበው። እኔ ብቻዬን አላንብበው።»

ወርጄ አየሁት። አርባ ሰባት።

ከእግራችን ሥር፣ ከመሬቱ ውስጥ፣ የሆነ ነገር ጠቅ አለ። ሥር ሲበጠስ ይሆናል። ምህረት ክንዴን ያዘች። ሦስታችንም ሳንነጋገር መውረድ ጀመርን፤ መሮጥ ፈርተን ነበር።

ለቅሶ ላይ የተቀመጠን ሰው ተነሳ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚያ ላይ እንግዳ ነኝ፤ ቋንቋቸውን አላውቅም፤ የሟች ዘመድ አይደለሁም። ድንኳኑ መሀል ቆሜ ኤፍሬምን አስተርጉምልኝ አልኩት።

«መምህርት ማርታ ይህን ዳገት ስትለካ ነበር። ከአርባ ካለፈ እዚህ አላድርም ብላለች። አሁን ለክተነው መጣን። አርባ ሰባት ነው። እባካችሁ ከዚህ እንነሳ።»

ኤፍሬም ሲጨርስ ሰዉ አጉረመረመ። አንድ ጎልማሳ በአማርኛ «ቀብረናት ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ ጥለናት እንሂድ ነው የምትለው?» አለኝ።

«አይደለም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን...»

«ዳገቱ ላይ አባቶቻችን ኖረውበታል። አንተ ማን ነህ?»

ማን ነኝ? «ይህን ቁጥር ስድስት ወር ሙሉ የላከችልኝ ሰው ነኝ» አልኩ። «አላነበብኩትም። ደብዳቤ እንድጽፍላት ለምናኝ ነበር፤ አልጻፍኩም። እዚህ በጊዜ ባለሙያ ሊመጣ ይችል ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔን እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ፤ ግን ተነሱ።»

ኤፍሬም ይህን ሊተረጉም አፉን ከፍቶ ተወው። አቶ ዳልኬ ግን አማርኛ ይሰማሉ። ትኩር ብለው አዩኝ፤ እመታለሁ ብዬ ነበር።

«ለእኔም ነግራኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አርባ፣ አርባ ስትለኝ፣ አንቺና ቁጥርሽ ብዬ ሳቅኩባት።» ባርኔጣቸውን አጠለቁ። ወደ ሰዉ ዞረው በወላይትኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ ራሳቸው ሄደው የድንኳኑን የመጀመሪያ ካስማ ነቀሉ።

እስኪመሽ ድረስ ሰዉ ዕቃውን፣ ሽማግሌውን፣ ሕፃኑን፣ ከብቱን ይዞ ከስንጥቁ ርቃ ጋራው ጫፍ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን ወጣ። ከዳገቱ ሥር ያሉት ሌሎች አራት ቤቶችም ተነሱ። አንዲት አሮጊት «ማርታን ለብቻዋ?» እያለች መቃብሩ ጋ ቆማ እምቢ አለች፤ ምህረት አቅፋ አመጣቻት።

ሐሙስ ጠዋት ስንነሳ ዳገቱ እንዳለ ነበር። ዝናቡም አባርቷል። ፀሐይ ወጣች፤ ቤቶቹ ከታች ደህና ሆነው ይታያሉ። ሰዉ እርስ በርሱ ማውራት ጀመረ። ትናንት የተናገረኝ ጎልማሳ በአጠገቤ ሲያልፍ ቀና ብሎም አላየኝም። የእድሩ ሴቶች ድስትና እንጨት ሊያመጡ ወረዱ፤ አትውረዱ የሚል ኃይል አልነበረኝም። እስኪመለሱ ድረስ የቤተ ክርስቲያኗ አጥር ጋ ቆሜ ቆጠርኳቸው። ሰባት ወርደው ሰባት ወጡ። የመሬቱን መውረድ የፈራሁትን ያህል፣ እውነቱን ልናገር፣ ባይወርድ ምን ልሆን ነው ብዬም ፈርቼ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ማሰቤ እስከ ዛሬ ይቀፈኛል።

ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ውሾቹ ጮኹ። ከዚያ የከባድ መኪና ዓይነት ድምፅ መጣ፤ መኪና ግን እዚያ አይደርስም። ዞር ስል ባሕር ዛፎቹ ቆመው ይሄዱ ነበር። ሳይወድቁ፣ እንደቆሙ፣ ወደታች ይሄዳሉ። ከዚያ እንሰቱ፣ ምንጩ፣ የመምህርት ማርታ ቤት ቆርቆሮ፣ ድንኳኑ ተተክሎበት የነበረው ሜዳ፣ አዲሱ መቃብር፤ ሁሉም አንድ ቀይ ነገር ሆነ። መቶ ወይም መቶ ሃምሳ ብትቆጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ አልቆየም። ጸጥ ሲል የሁሉም ሰው አፍ ክፍት ነበር።

አምስት ቤት ጠፋ። ሁለት ላምና አንድ ጥጃ ጠፋ። ሰው አልጠፋም። አሮጊቷ መጀመሪያ አለቀሰች፦ «ሁለቴ ቀበሯት» ብላ። ያኔ ሰዉ ሁሉ ተከትሎ አለቀሰ፤ ከትናንቱ ቀብር የበለጠ ለቅሶ ነበር።

ለግሩፑ የጻፈችው ነርሷ ናት። ማን ምን ብሎ እንደመለሰ ያነበብኩት ከቀናት በኋላ ነው። የዚያን ዕለት የማስታውሰው ጎልማሳው መጥቶ አጠገቤ መቀመጡን ነው። ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ አደረገልኝ፤ እየተንቀጠቀጥኩ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው።

አቶ ዳልኬ ከአጥሩ ጫፍ ብቻቸውን ቆመው ነበር። ወደ ተናደው መሬት የሚመለከቱ መስሎኝ ልጠጋቸው ሄድኩ። እሳቸው ግን ያዩ የነበረው ወዲያ ማዶ ነው። ከወንዙ ባሻገር ያለው ዳገት የዚህኛው ወንድም ይመስላል፤ ቁልቁለቱም እንሰቱም ያው ነው። ከቤቶቹ ጭስ ይወጣል። ሁለት ሴቶች ደጃፍ ላይ ቆመው ወደ እኛ ያያሉ።

«እዚያ ስንት ሰው አለ?» አልኳቸው።

«ብዙ ነው» አሉ። «ያንን ደግሞ ማንም አልለካውም።»

ሰማዩ እንደገና መጥቆር ጀምሮ ነበር። አቶ ዳልኬ ከመሬት ለችካል የሚሆን በትር አነሱና ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ መውረድ ጀመሩ፤ ኤፍሬምና እኔም ተከተልናቸው።